የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ግብረ ሰዶም የምታስተምረው ትምህርት መሠረቱ ምንድር ነው?

ስለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚነገር ወሬ ብዙውን ጊዜ ፍርዱን እንጂ ምክንያቱን ይዞ አይመጣም። በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ከሮማ የወጣ አንድ የቡራኬ መግለጫ በዓለም ሁሉ በተሰማ ጊዜ፣ ከምእመናን መካከል አንዳንዱ «ፓፓው ግብረ ሰዶምን ፈቀዱ» ሲል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ምንም የተለወጠ ነገር የለም» ሲል ሰንብቷል። ከካህናትም መካከል ተጠይቀው እንደ ጠያቂው ስሜት የመለሱ አልጠፉም። ሁለቱም ወገኖች ሳያነሡት የቀሩት ጥያቄ ግን ነበረ፤ ይኸውም ይህች ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ከጥንት ጀምሮ የከለከለችው በምን መሠረት ላይ ቆማ ነው? የሚለው ነው። መሠረቱን ያላየ ሰው ሕንፃው መናወጡንም መጽናቱንም ሊያውቅ አይችልም።

የሰውን ትምህርት ሳያውቁ መንቀፍም ሆነ ማመስገን ከሐሰት ምስክርነት አይርቅም። ከዚህም በላይ ነገሩ በእርጋታ ሲመረመር የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይገኝም፤ ሥሩ ተቈፍሮ ሲታይ ባለ ትዳሩን ሁሉ፣ ይልቁንም በትዳሩ ተማምኖ በሌላው ላይ ለመፍረድ የሚቸኵለውን ሰው የሚነካ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ቋንቋ ነገሩ የሚጠራው በከተማዪቱ በሰዶም ስም ነው፤ በላቲኖችም ዘንድ ለብዙ ዘመን እንዲሁ ሲጠራ ኖሯል። ይህ ስም ግን ሦስት ነገሮችን በአንድነት ጠቅልሎ ይይዛል፤ እነርሱም ሰውየው፣ በሰውየው ውስጥ ያለው ዝንባሌ፣ ሰውየውም የሚሠራው ሥራ ናቸው። የዛሬው የካቶሊክ ትምህርት ሦስቱን ለይቶ ስለ እያንዳንዱ የተለየ ነገር ይናገራል። ሥራውን ኃጢአት ይለዋል። ዝንባሌውን ከሥርዓቱ የወጣ ይለዋል፤ ነገር ግን ፈቃድ እስካልተጨመረበት ድረስ ኃጢአት ነው አይልም። ሰውየውን በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረ፣ ክብሩም የማይገፈፍ ይለዋል። ይህን አከፋፈል ሳይዝ መጻሕፍታቸውን የሚያነብ ሰው አንዱ ገጽ ጨካኝ፣ ሌላው ገጽ ልል ሆኖ ይታየዋል፤ እርስ በርሱም የሚጋጭ ይመስለዋል።

ትምህርቱ ተጠቃልሎ የሚገኘው በ1992 ዓ.ም. በፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ዘመን በታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ውስጥ፣ ከቍጥር 2357 እስከ 2359 ባሉት ሦስት አንቀጾች ነው። ከዚያ በፊት ስለ እምነት ትምህርት የሚጠብቀው የቫቲካን ጉባኤ በ1975 እና በ1986 ዓ.ም. ሁለት ጽሑፎች አውጥቶ ነበር። የኋለኛው ለጳጳሳት የተላከ መልእክት ሲሆን፣ የፈረሙትም በኋላ በነዲክቶስ 16ኛ ተብለው ፓፓ የሆኑት ካርዲናል ዮሴፍ ራትሲንገር ናቸው።

ብዙ ሰው የዚህ ትምህርት መሠረት የሰዶም እሳት ይመስለዋል። የ1986ቱ መልእክት ግን መነሻ ያደረገው ዘፍጥረት 19ን ሳይሆን የፍጥረትን ነገር የሚናገሩትን የዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፎች ነው። እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ መፍጠሩ፣ ሁለቱን አንድ ሥጋ ማድረጉ፣ እንዲበዙም መባረኩ እንደ ማዕዘን ድንጋይ ይቀመጣል። ጌታችንም ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ በጠየቁት ጊዜ (ማቴ. 19፥3-8) የሙሴን ፈቃድ አልፎ ወደ ፍጥረት መጀመሪያ መለሳቸው። ከዚህ የተነሣ የካቶሊክ መምህራን ክልከላውን ብቻውን የቆመ ትእዛዝ አድርገው አያዩትም፤ ስለ ጋብቻ ከሚሰጠው ትምህርት የሚወለድ ነው ይላሉ። ጋብቻ ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ከእርሱ ውጪ ያለው ለምን እንደ ተከለከለ ሊታወቅ አይችልም ማለታቸው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ጥቅሶች በእኛም ዘንድ የታወቁት ናቸው፤ ዘሌዋውያን 18፥22 እና 20፥13፣ ሮሜ 1፥26-27፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥9-10፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10። ስለ ሰዶም ግን በዚህ ዘመን ክርክር ተነሥቷል። የዚያች ከተማ ኃጢአት እንግዳን በግፍ ለመድፈር መነሣቷ ነው እንጂ ሌላ አይደለም የሚሉ መምህራን አሉ፤ ለዚህም ሕዝቅኤል 16፥49ን ይጠቅሳሉ። በዚያ ነቢዩ የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ ጥጋብን፣ ድሀን አለመርዳትን ያነሣል። ሌሎቹ ደግሞ የይሁዳን መልእክት ቍጥር 7 አንሥተው ዝሙትንና ሥርዓት የለቀቀ የሥጋ ምኞትን ያሳያሉ። በእኛ የትርጓሜ ቤት አንዱ «አንድም» ሌላውን «አንድም» እንደማያፈርሰው፣ እዚህም አንዱ ንባብ ሌላውን የሚያስቀር አይመስለንም። ነገር ግን በየመድረኩ ሰዶምን ስናነሣ ይሁዳ የተናገረውን ዘወትር እየጠቀስን ሕዝቅኤል የተናገረውን ጥጋብና ድሀን መናቅ የምንጠቅሰው ስንት ጊዜ ነው?

ከጥቅሶቹ ሁሉ ለካቶሊክ ትምህርት እጅግ የሚጠቅመው የሮሜው ነው። ሐዋርያው በዚያ ሥራውን የሚነቅፈው ከባሕርይ ውጪ የሆነ ነው በማለት ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅም የሮሜን መልእክት ሲተረጕም በአራተኛው ድርሳኑ ይህን ቃል ይዞ በብርቱ ተናግሯል። ባሕርይ የሚለው ቃል ከተነሣ ደግሞ ነገሩ ለመጽሐፍ ባለቤቶች ብቻ የተሰጠ ሕግ መሆኑ ይቀርና ለሰው ሁሉ የሚነገር ይሆናል። ያው ሐዋርያ በሁለተኛው ምዕራፍ (ሮሜ 2፥14-15) ሕግ የሌላቸው አሕዛብ በልባቸው የተጻፈ ሕግ እንዳላቸው ይመሰክራልና። እንግዲህ በሩ የተከፈተው በዚህ ነው።

እኛ ሕገ ልቡና የምንለው፣ ከአዳም እስከ ሙሴ አበው የተመሩበት፣ ጽሕፈት ሳይኖር የሰው አእምሮ መልካሙን ከክፉው የሚለይበት ሕግ በላቲኖች ዘንድ የባሕርይ ሕግ ይባላል። ይህን ትምህርት አስፍቶ የሠራው በ1225 ገደማ ተወልዶ በ1274 ዓ.ም. ያረፈው ቶማስ ዘአኩዊኖ ነው። ቶማስ የአበውን ትምህርት ከአርስጣጣሊስ ፍልስፍና ጋር አጋጠመው። አርስጣጣሊስ የማንኛውም ነገር ባሕርይ የሚታወቀው ከፍጻሜው፣ ማለት ከተሠራበት ዓላማ ነው ይላል፤ ዓይን ለማየት፣ ጆሮ ለመስማት፣ ዘር ለፍሬ። ቶማስም ፍጻሜውን የወሰነለት ፈጣሪ ነውና አእምሮ ፍጻሜውን ዐውቆ ሲጠብቅ የፈጣሪን ሥርዓት ይጠብቃል፣ ዐውቆ ሲያፈርስ የፈጣሪን ሥርዓት ያፈርሳል ብሎ አስተማረ። ለምሳሌ መብል ጣዕም አለው፤ ጣዕሙም ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ጣዕሙ የተሰጠው ሰውነት እንዲመገብ ነው። አንድ ሰው ጣዕሙን ብቻ ፈልጎ እየበላ መብሉ እንዳይጠቅመው ሆን ብሎ ቢያስመልሰው፣ ማንንም ባይጐዳ እንኳ አንድ ነገር እንዳጣመመ ሁላችን እናውቃለን። የቶማስ ክርክር በአጭሩ ይህን ይመስላል።

እዚህ ላይ ባሕርይ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዱ ተነሥቶ ይህ ነገር በእንስሳት ዘንድ እንኳ የለም ይላል፤ ሌላው ተነሥቶ በእንስሳት ዘንድ ታይቷልና ከባሕርይ ውጪ ሊባል አይገባም ይላል። ሁለቱም የቶማስን ነገር አላገኙትም። የእንስሳት ልማድ ለሰው ሕግ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ግልገሉን የሚበላ እንስሳም አለ። እንዲሁም ባሕርይ ማለት በብዙ ሰዎች ዘንድ የተለመደው ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰማው ስሜት ማለትም አይደለም። ባሕርይ የሚባለው አእምሮ ፍጻሜውን መርምሮ የሚያገኘው ሥርዓት ነው። ይህን ትርጕም የማይቀበል ሰው ክርክሩን በሙሉ አይቀበልም፤ የሚቀበል ሰው ደግሞ ክርክሩ ወደሚወስደው ሁሉ መከተል ግዴታው ይሆናል። ወዴት እንደሚወስድ ግን ብዙ ሰው አላስተዋለም።

ቶማስ በታላቁ የትምህርተ መለኮት መጽሐፉ፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ እጅ፣ በ154ኛው ጥያቄ የዝሙትን ዐይነቶች ሲለይ ከባሕርይ ውጪ በሆነው ክፍል ውስጥ አራት ነገሮችን ያስገባል። የመሰል ጾታ ግንኙነት ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። ከእንስሳ ጋር የሚደረገው ሌላው ነው፤ ሰው ብቻውን በሰውነቱ ላይ የሚሠራው ኃጢአትም በዚያው ውስጥ አለ፤ ወንድና ሴት ተገቢውን የግንኙነት መንገድ ትተው የሚያደርጉትም እንዲሁ። እንግዲህ የቶማስ መለኪያ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከማን ጋር?» ብሎ አይደለም፤ «ሥራው ለተፈጠረለት ፍጻሜ የተከፈተ ነው ወይስ የተዘጋ?» ብሎ ነው። የዚህ ትምህርት ብርታቱም ክብደቱም በዚህ ነው፤ ማንንም አይለይም። በጥቂቶች ላይ ብቻ ሊያውለው የሚፈልግ ሰው በእጁ የያዘው የቶማስን ሚዛን አይደለም።

ቶማስ በዚያው ጥያቄ መጨረሻ እነዚህን ኃጢአቶች ከዝሙት ዐይነቶች ሁሉ የከፉ ያደርጋቸዋል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ ምንዝርና ሴትን በግፍ መድፈር ባልንጀራን ሲበድሉ እነዚህ ግን የሥርዓቱን ባለቤት እግዚአብሔርን ይበድላሉ ይላል። ሊቁን ከማክበራችን ጋር ይህን ደረጃ ልንቀበለው አልቻልንም። በግፍ የተደፈረች ሴት የእግዚአብሔር አርአያ አይደለችምን? እርስዋን የበደለ የሥርዓቱን ባለቤት አልበደለምን? የ1992ቱ ትምህርተ ክርስቶስም ሥራውን ከባድ ኃጢአት ቢለውም ይህን የደረጃ አቀማመጥ አልደገመውም።

አሁን ወደ ጋብቻ ትምህርታቸው እንለፍ፤ የነገሩ ልብ ያለው በዚያ ነውና። አውግስጢኖስ በ401 ዓ.ም. ገደማ ስለ ጋብቻ መልካምነት በጻፈው መጽሐፍ ሦስት መልካም ነገሮችን ለይቷል፤ ልጅን፣ መተማመንን፣ የማይፈታውን የምሥጢር ማሰሪያ። የምዕራቡ ትምህርት ከዚያ ወዲህ በዚህ ላይ ተሠርቷል። በ1930 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ጳጳሳት በላምቤት ጉባኤያቸው ባልና ሚስት በአንዳንድ ምክንያት መውለድን በሰው ሠራሽ ዘዴ እንዲከለክሉ በር ከፈቱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓፓ ፒዮስ 11ኛ በመልእክታቸው በሩን ዘጉት። በ1963 ዓ.ም. ፓፓ ዮሐንስ 23ኛ ይህን ነገር የሚመረምር ኮሚሲዮን አቋቁመው ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. አብዛኞቹ አባላት ትምህርቱ እንዲላላ ሐሳብ አቀረቡ። ፓፓ ጳውሎስ 6ኛ ግን የብዙኃኑን ሐሳብ ሳይቀበሉ በሐምሌ ወር 1968 ዓ.ም. «ሁማኔ ቪቴ» የተባለውን መልእክት አወጡ። በዚህም መልእክት የባልና ሚስት ግንኙነት ሁለት ትርጕም እንዳለው፣ አንደኛው የሁለቱ መዋሐድ፣ ሁለተኛው ለልጅ መከፈት እንደ ሆነ፣ እነዚህንም ሁለቱን ሰው በፈቃዱ ሊለያቸው እንደማይገባ አስተማሩ።

ይህ ዐረፍተ ነገር ስለ ባልና ሚስት የተጻፈ ነው። ነገር ግን የካቶሊክ ትምህርት ስለ መሰል ጾታ ግንኙነት የሚናገረው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ትርጕሞች የማይለያዩ ከሆኑ፣ አንደኛው ፈጽሞ ሊገኝበት የማይችል ግንኙነት ጋብቻ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ የሚለያዩ ከሆኑ ግን፣ የልጅ በር በሰው ፈቃድ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው የሁለት ሰዎች መዋደድ ብቻ ነው፤ መዋደድ ብቻውን መለኪያ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ወንድ ሁለተኛዋ ሴት መሆናቸው ለምን የግድ ይሆናል? ስለዚህ የትምህርቱ ወዳጆችም ተቃዋሚዎችም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም አንዱን አላልቶ ሌላውን አጥብቆ መያዝ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ከ1979 እስከ 1984 ዓ.ም. በየረቡዕ ጉባኤያቸው ስለ ሰው ሥጋ ትርጕም ያስተማሩት ረዥም ትምህርት ይህንኑ ለማጽናት ነበር፤ የቶማስን የፍጻሜ ቋንቋ በስጦታ ቋንቋ ተክተው፣ ሰው ራሱን በሙሉ ለትዳር ጓደኛው ሲሰጥ አባት ወይም እናት መሆን መቻሉንም አብሮ ይሰጣል አሉ።

እንግዲህ በካቶሊክ አገሮች እጅግ ብዙ ባለ ትዳሮች የ1968ቱን መልእክት በጓዳቸው ትተውት እንደሚኖሩ የተሰወረ አይደለም። ከእነርሱም መካከል ስለ መሰል ጾታ ግንኙነት የቤተ ክርስቲያናቸውን ትምህርት አጥብቀው የሚጠቅሱ አሉ። የምሳሌ መጽሐፍ (20፥10) ሁለት ዐይነት ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ መሆኑን ይነግረናል።

«ከሥርዓት የወጣ» የሚለው ቃል ብዙዎችን አቍስሏል። የ1975ቱ ጽሑፍ ይህን የተናገረው ስለ ሥራው ነበር፤ የ1986ቱ መልእክት ዝንባሌውም ሊፈጸም ወደማይገባው ሥራ ስለሚያዘነብል ከሥርዓት የወጣ ነው አለ። የትምህርተ ክርስቶሱ የ1992ቱ እትም ይህን ቃል ስለ ዝንባሌው አልጻፈውም ነበር፤ ይልቁንም እነዚህ ሰዎች ሁኔታቸውን መርጠው እንዳላመጡት ይናገር ነበር። በ1997 ዓ.ም. የላቲኑ መደበኛ እትም ሲወጣ ግን ያ ዐረፍተ ነገር ተነሥቶ ቃሉ ገባ። በቃሉ የሚፈለገው ትርጕም የሐኪም ቃል አይደለም፤ ታማሚ ማለት አይደለም፤ ወደ ፍጻሜው የማይመራ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን የቍጡ ሰው ቍጣ፣ የስስታም ሰው ስስት፣ ያገባ ሰው ወደ ጎረቤቱ ሚስት የሚሳብበት ምኞት ሁሉ ከሥርዓት የወጣ ነው። ነገር ግን ጽሑፉን የሚያነበው ፈላስፋ ብቻ አይደለም፤ በሌሊት ብቻውን ተቀምጦ የሚያነበው የሃያ ዓመት ጐልማሳም አለ። እርሱ ቃሉን የሚሰማው ስለ ምኞቱ እንደ ተነገረ ሳይሆን ስለ ራሱ እንደ ተነገረ አድርጎ ነው። መምህር የሚናገረው ቃል ትክክል መሆኑ ብቻ ከበደል አያነጻውም፤ ሰሚው ምን እንደሚሰማም ማሰብ ከመምህርነት ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

ሐሳብ በልብ መመላለሱና ፈቃድ ለሐሳቡ መስጠት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ግን የበረሃ አባቶች ልጆች የሆንን ሁሉ እናውቃለን። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ንስሐ አባት ሆኖ «እንዲህ ያለ ሐሳብ ይመጣብኛል» የሚለውንና «እንዲህ ሠራሁ» የሚለውን በአንድ ቀኖና የሚቀጣ ካለ፣ የተማረውን ትምህርት ረስቷል።

በትምህርቱ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ብዙ ቢሆኑም ሁሉም አንድ ክብደት የላቸውም። መካን የሆኑ ባልና ሚስት ይጋባሉ፤ አብርሃምና ሣራም፣ ዘካርያስና ኤልሳቤጥም እስከ እርጅና ድረስ ያለ ልጅ ኖረዋል፤ ታዲያ ልጅ መውለድ የግድ የሚሆነው እንዴት ነው? ይላሉ። የካቶሊክ መልስ የእነዚህ ሥራ በዐይነቱ ለመውለድ የተሠራ ነው፤ ፍሬ ያጣው በአጋጣሚ እንጂ በዐይነቱ አይደለም የሚል ነው። የቶማስን መነሻ ለተቀበለ ሰው ይህ መልስ ይበቃል። ሌላው ተቃውሞ ዝንባሌው አብሮ የተወለደ ነው የሚለው ነው። ትምህርተ ክርስቶሱ የዝንባሌው መነሻ በአብዛኛው ገና ያልተገለጠ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ ክርክሩም በመነሻው ላይ አልቆመም። በጥንተ አብሶ የቈሰለ ሰው ሁሉ ያልመረጠውን ዝንባሌ ይዞ ይወለዳልና።

ከባድ የሆነው ሦስተኛው ነው። ቍጡ ሰው ቍጣውን እንዲተው ይጠየቃል እንጂ ቤትና ትዳር እንዲተው አይጠየቅም። መነኩሴ ድንግልናን መርጦ ይገባበታል፤ የላቲን ቄስም እንዲሁ። ጌታችንም ስለ መንግሥተ ሰማያት ብለው ከትዳር ስለሚቀሩት ሲናገር (ማቴ. 19፥11-12) ለተሰጣቸው እንጂ ለሁሉ እንዳልሆነ ገልጧል። ታዲያ ይህ ሰው ያልመረጠውንና ምናልባትም ያልተሰጠውን ሕይወት እስከ ዕለተ ሞቱ እንዲሸከም እንዴት ይታዘዛል? የካቶሊክ መምህራን የሚመልሱት፣ ንጽሕና ለሁሉም የታዘዘ ነው፤ ባልዋ የሞተባትም፣ ሚስቱ ለብዙ ዘመን የታመመችበትም፣ ትዳር ሳያገኝ ያረጀውም ሳይመርጡ ይሸከሙታል በማለት ነው። መልሱ እውነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም፤ ትዳር ያላገኘው ሰው በሩ እስከ መጨረሻው ክፍት ነው፤ የዚህኛው ግን ከመጀመሪያው ተዘግቷል። ቍጥር 2359 ይህን ያወቀ ይመስላል። ሰውየው ራሱን በመግዛት፣ በጸሎት፣ በምሥጢራት ጸጋ፣ እንዲሁም ጥቅም በማይፈልግ ወዳጅነት እየተደገፈ ወደ ፍጹምነት እንዲቀርብ ይመክራልና። ወዳጅነት የሚለውን ቃል ብዙዎች ሳያዩት ያልፉታል፤ እኛ ግን ከአንቀጹ ሁሉ ከባዱ ቃል ይህ ነው እንላለን። መነኩሴ እንኳ ማኅበር አለው፤ አብሮት የሚጾም፣ አብሮት የሚቀድስ፣ ሲታመም የሚያስታምመው ወንድም አለው። ምእመናን አንድን ሰው ብቻህን ኑር ብለው ከፈረዱ በኋላ ከማዕዳቸው ካራቁት፣ በሰንበቴያቸው ካላስቀመጡት፣ ጌታችን በማቴዎስ 23፥4 የነቀፈውን የጻፎችንና የፈሪሳውያንን ሥራ ሠርተዋል።

የምዕራቡ ታሪክ በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም። በ1049 ዓ.ም. ገደማ ጴጥሮስ ዳምያኒ የተባለው መነኩሴ በካህናት መካከል ስለ ገባው ግብረ ሰዶም አንድ መጽሐፍ ጽፎ ለፓፓ ልዮን 9ኛ አቀረበ፤ በዚህ የተገኘ ካህን ሁሉ ከክህነቱ እንዲሻር ጠየቀ። ልዮን መጽሐፉን አመሰገኑ፤ በፍርዱ ግን ዘለግ ላለ ጊዜ ያልኖሩበትንና ንስሐ የገቡትን በርኅራኄ አዩአቸው። በ1179 ዓ.ም. የተሰበሰበው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ ካህናቱ ከክህነት እንዲወጡ ወይም በገዳም ተዘግተው ንስሐ እንዲገቡ፣ ምእመናኑ እንዲወገዙ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ግን በብዙ የአውሮፓ አገር የመንግሥት ሕግ በእሳት ማቃጠልን ጨመረበት፤ ብዙ ሰውም በዚህ ሞተ።

ዛሬ ይህ ተለውጧል። የ1986ቱ መልእክት፣ ያ በሥራው ላይ እጅግ የጠበቀው ራሱ፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ በቃልም ሆነ በእጅ የሚደረገውን ግፍ ይኰንናል፤ የቤተ ክርስቲያን እረኞች በደረሰበት ሁሉ ሊያወግዙት ይገባል ይላል። ቍጥር 2358 በአክብሮትና በርኅራኄ እንዲቀበሏቸው፣ ያለ ፍትሕም እንዳያገሏቸው ያዝዛል። ፓፓ ፍራንቸስኮስ በጥር ወር 2023 ዓ.ም. ለጋዜጠኛ በሰጡት ቃል እንዲህ መሆን ወንጀል አይደለም፣ በመንግሥት ሕግም መቅጣት አግባብ አይደለም አሉ፤ ወዲያውም ኃጢአትንና ወንጀልን መለየት እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። ንስሐ አባት የሚይዘው ሚዛን ዳኛ ከሚይዘው የተለየ መሆኑን የሚያውቅ ካህን ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አሁን ወሬው ወደ ተነሣበት ነገር እንመለስ። በ2021 ዓ.ም. ስለ እምነት የሚጠብቀው ያው ጉባኤ የመሰል ጾታን አንድነት ለመባረክ ቤተ ክርስቲያን ሥልጣን የላትም ብሎ መልስ ሰጥቶ ነበር። በዲሴምበር 18 ቀን 2023 ዓ.ም. «ፊዱቺያ ሱፕሊካንስ» የተባለው መግለጫ በካርዲናል ቪክቶር ማኑኤል ፈርናንዴዝ ፊርማና በፓፓው ፈቃድ ወጣ። መግለጫው ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ መሆኑን አጸና፤ ሥርዓተ ጸሎት እንዳይዘጋጅ፣ ጋብቻን የሚመስል ነገርም እንዳይደረግ ከለከለ። ነገር ግን ሁለቱ መሰል ጾታዎች አብረው መጥተው ቡራኬ ቢለምኑ ካህኑ ከሥርዓተ አምልኮ ውጪ አጭር ቡራኬ ሊሰጣቸው እንደሚችል ፈቀደ። ተቃውሞው በበዛ ጊዜ በጃኑዋሪ 4 ቀን 2024 ዓ.ም. በተሰጠው ማብራሪያ ቡራኬው ከ10 ወይም ከ15 ሰኮንድ የማይበልጥ መሆኑ ተነገረ። በዚያው ወር በ11ኛው ቀን የኪንሻሳው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ በአፍሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ስም፣ በአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ለእንደዚህ ያሉ ጥንዶች ቡራኬ መስጠት እንደማይገባ አስታወቁ። በማርች 7 ቀን 2024 ዓ.ም. ደግሞ በፓትርያርክ ታዎድሮስ 2ኛ የሚመራው የግብፅ ቅብጥ ኦርቶዶክስ ሲኖዶስ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ያለውን የሃይማኖት ንግግር ለማቆም ወሰነ። ፓፓ ፍራንቸስኮስ በ2025 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ዐረፉ፤ የተተኳቸው ልዮን 14ኛ በዚያው ዓመት ስለ ጋብቻና ስለ ሩካቤ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት በቅርቡ ይለወጣል ብለው እንደማያስቡ ተናግረዋል።

እንግዲህ መሠረቱ ተነቅሏልን? በጽሑፍ አልተነቀለም። የ1992ቱ ትምህርተ ክርስቶስ አንቀጾች፣ የ1968ቱም መልእክት በየቦታቸው ናቸው። ነገር ግን ቡራኬ ቃል ብቻ አይደለም። በአገራችን ካህን በመንገድ ሲያልፍ መስቀሉን የሚሳለመውን ሰው ኃጢአቱን አይጠይቀውም፤ ሌባም ይሳለማል፣ ዘማዊም ይሳለማል፣ ካህኑም ሁሉንም ይባርካል። ይህ ቡራኬ የሰውየው ነው፤ ሰውየውም ወደ እግዚአብሔር እንዲቀርብ ይረዳዋል። በዚህ መጠን የሮማው መግለጫ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ሁለት በመሆናቸው አብረው መጥተው በአንድነት ቡራኬ ሲቀበሉ፣ የተባረከው እያንዳንዳቸው ናቸው ወይስ አንድነታቸው? ካህኑ በልቡ «እያንዳንዳቸውን» ይል ይሆናል። የሚያዩት ሰዎች፣ ሁለቱም ራሳቸው ጭምር፣ በዓይናቸው የሚያነቡት ግን ሌላ ነው። የ10 ሰኮንድ ልክ ይህን አይመልሰውም፤ የቡራኬ ትርጕም በርዝመቱ አይለካምና። ከካቶሊክ ሊቃውንት ጋር ለመነጋገር የሚቀመጥ የእኛ ሊቅ ስለ ፓፓው ወሬ ከመጠየቅ ይልቅ ይህን አንድ ነገር ቢጠይቃቸው ይሻላል፦ ከጋብቻ ትምህርታችሁ ጋር የሚስማማው ቡራኬ የየግሉ ከሆነ፣ ሁለቱን ለየብቻ ከመባረክ የከለከላችሁ ምን ነበር?